ከመጋረጃው ኋላ የወጣው ድምፅ

በቀደም ከልጄ ትምህርት ቤት አንድ አዲስ አስተማሪ ደወለልኝ። «ሀሎ» ስል «ጋሼ፣ የልጅቱን እናት ያገናኙኛል?» አለኝ። «እናቷ እኔ ነኝ» ስለው «እሺ ጋሼ፣ ሲመለሱ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሱሪ እየሰፋ ነበር፤ ሳቁን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም። ሰው በስልክ ጋሼ ሲለኝ ዓመታት አልፈዋል፤ አልቀየምም። ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያን ግራና፣ አባቴ ቤት ያሳለፍኩትን ቀን ሳስብ ቆየሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው የሚምታታብኝ ቀን ነው።

ያኔ የመርሳ መናኸሪያ ፍራፍሬ ሻጭ ነበርኩ። አባቴ መንደራችን ግራና መስኖ ዳር ማንጎና ብርቱካን ነበረው፤ እኔ በቅርጫት ይዤ መርሳ እወርድና ወደ ወልድያ የሚያልፉትን አውቶቡሶች እጠብቃለሁ። መኪናው ገና ሳይቆም በመስኮቱ ሥር መሮጥና መጮህ ነው ሥራው። ብርቱካኑ የሁላችንም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጉሮሮ ላይ ነበር። የእኔ ድምፅ ቀጭንና ጠንካራ ስለነበር የሞተሩን ጩኸት አልፎ የኋላ ወንበር ይደርሳል። ሌሎቹ ሻጮች «አንቺ እያለሽ እኛ ምን ሠራን» እያሉ ይሰድቡኝ ነበር። እኔም አላፍርም፤ እንዲያውም አብዝቼ እጮህ ነበር።

እንቅርት ግን ከልጅነቴ ነበረብኝ። በኛ ዘር የተለመደ ነው፣ ሻርፕ ጣል ይደረግበትና ይኖራል። የእኔው እያደገ መጥቶ ማታ ማታ ስተኛ ትንፋሽ ሲያሳጥረኝ ደሴ ወስደው በቀዶ ጥገና አስወጡልኝ። ስነቃ ጠምቶኝ «ውሃ» አልኩ። የወጣው ግን አየር ብቻ ነው። ከነርሷ ፊት ላይ ነበር አለመሰማቴን ያወቅኩት።

«ይመለሳል» አሉኝ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፣ ማሽላው አሸተ፣ ድምፄ አልተመለሰም። ማንሾካሾክ ብቻ እችላለሁ፤ እሱም ሁለት ሦስት ቃል ሳልል ትንፋሼ ያልቃል። ውሃ ስጠጣ ደግሞ ትን እያለኝ እንባዬ እስኪወርድ እስላለሁ። ቤት ውስጥ አጥሚት ብቻ ሆነ ኑሮዬ፤ ወፍራም ስለሆነ እሱ በደህና ይወርድልኛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሰዉ ነው። እኔ ሳንሾካሹክ እነሱም አብረው ያንሾካሹካሉ። ጆሮዬ ደህና ነው እኮ። አባቴ ማሳው ጫፍ ሆኖ ሲጣራ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው፤ እሱ እንኳ ከኔ ጋር ሲያወራ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ ሆነ። የዘየረን እንግዳ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ «ማን ታሞ ነው?» ይላል። ቀስ በቀስ ቤቱ በሙሉ በሹክሹክታ ይኖር ጀመር፣ ለምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም።

ሰይድ የሚባል የወልድያ ልብስ ሰፊ ከሕመሜ በፊት ሽማግሌ ልኮብን ነበር። ከደሴ ጨርቅ ጭኖ ሲመለስ በአውቶቡስ መስኮት ድምፄን ሰምቶ ነው አሉ የወደደኝ። እኔ የማውቀው ብርቱካኑን አንድ በአንድ እየጨመቀ ሲመርጥ ነው፤ ያ ደግሞ ያናድደኝ ነበር። አባቴ ከቀዶ ጥገናው በኋላ «ልጅቱ እንዲህ ሆናለች፣ ሐሳብህን ብትለውጥ አንቀየምም» ብሎ ላከበት። ሰይድም «እኔ የምፈልገው እሷን ነው» ብሎ መለሰ። ያን ቀን ቤታችን በምስጋና ተሞላ። አክስቴ ዘሀራ አለቀሰች። ማንም ዞር ብሎ እኔን ማየት አላስፈለገውም።

ኧረ አባቴስ ጠይቆኛል፣ ልዋሽ አልችልም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ሐዋ፣ ምን ትያለሽ ልጄ?» አለኝ፣ በሹክሹክታ። ላስብበት ልለው ነበር። ግማሹ ላይ ትንፋሼ አለቀና ዝም አልኩ። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ተነሣ። በኛ ዘንድ ልጃገረድ ስትጠየቅ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው፤ የሀፍረት ነው፣ ደንብ ነው። የኒካሁም ቀን ተቆረጠ። እኔ ሰይድን አልጠላሁትም፤ ወድጄውም አልነበረም። የሚያንገበግበኝ ያላልኩትን እሺ ሁሉም ሰው ሲያመሰግንልኝ መዋሉ ነበር።

በዚያ መሐል የመርሳ ጤና ጣቢያ አንድ ነርስ አዲስ አበባ ለዚህ መርፌ እንዳለ ነገረችን። እኔና አክስቴ ዘሀራ ሄድን። ሐኪሟ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገባችና ቴሌቪዥን መሳይ ነገር ላይ ጉሮሮዬን አሳየችኝ። ሁለት ነጫጭ ነገሮች አሉ፤ አንዱ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ተኝቷል።

«ድምፅ የሚወጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው» አለች። «እንደ ሁለት የበር መዝጊያ አስቢው። አንዱ ነርቩ ስለተጎዳ መሐል ድረስ አይመጣም፣ አየሩም ውሃውም በክፍተቱ ይገባል። ከሆድሽ ትንሽ ስብ ወስደን በመርፌ እንሞላዋለን። ወፈር ሲል ጤነኛው ይደርስበታል።»

አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ከዚች ሆድ ላይ ስብ ከየት ሊገኝ ነው? ከኔ ውሰዱላት፣ እኔ ተርፎኛል።»

«የሌላ ሰው አይሆንም፣ እናቴ» አለች ሐኪሟ እየሳቀች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ መርፌው ነርቩን እንደማያድነው፣ መጀመሪያ ላይ ድምፄ ጎርናና እንደሚሆን፣ ስቡ ትንሽ ሲመጠጥ እንደሚሻሻል፣ ምን ያህሉ እንደሚቀር ግን ከአሁኑ መናገር እንደማይቻል ነገረችኝ። «የድሮው ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም» አለችኝ።

አስተኝተው ወጉኝ። ለጥቂት ቀን እንዳልናገር ታዘዝኩ። ቀኑ ሲያበቃ መጀመሪያ ያደረግኩት ውሃ መጠጣት ነው። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ሳልስል ጨረስኩና አለቀስኩ። ከዚያ «ቢስሚላህ» አልኩ፤ ዘንግቼው ነው፣ ከመጠጣቴ በፊት ነበር የሚባለው። ከአፌ የወጣው ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ድምፅ ነው። ወደኋላዬ ዞሬ አየሁ። እውነቴን ነው፣ ሰው የገባ መስሎኝ።

ግራና ስንመለስ ድምፁን ፈራሁት። «ሐኪሟ አትናገሪ ብላለች» እያልኩ በምልክት ሰነበትኩ። አክስቴ አላጋለጠችኝም። አባቴ ሳይጠይቀኝ ጠበቀ፣ እንዲሁ እንዳለን የኒካሁ ቀን ደረሰ።

ውጭ ዳሱ ሥር ወንዶቹ ተቀምጠዋል፣ ሰይድ መሐላቸው ነው። እኔ ጓዳ ከአክስቴና ከሴቶቹ ጋር። ሸኽ አደም፣ ያስተማሩኝ የሰፈራችን ሸኽ፣ ከአባቴና ከሁለት ምስክሮች ጋር መጋረጃው ድረስ መጡ።

«ልጄ ሐዋ፣ አባትሽ ወክሎሽ ከሰይድ ጋር ኒካህ እንዲያስር ፈቅደሻል?»

እንደ ደንቡ ዝም ይባላል። ሴቶቹ ለእልልታው ምላሳቸውን አዘጋጅተዋል። እኔ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ አፌን ከፈትኩና «አላውቅም» አልኩ።

ያ ጎርናና ድምፅ ቤቱን ሞላው።  ከመጋረጃው ወዲያ አንደኛው ምስክር፣ አጎቴ ነው፣ «ጓዳ ውስጥ ወንድ አለ እንዴ?» አለ። ሌላው «ማነህ አንተ? ውጣ» አለ። አባቴ «የልጄን ድምፅ አጣዋለሁ? ይኼ የሷ አይደለም» አለ፣ ቁጣ እየጀመረው። ምስክር የሙሽራዋን ድምፅ አውቆ ነው እኮ የሚመሰክረው፤ እነሱ የሚያውቁት የመናኸሪያውን ነው።

«የራሷ ነው» አለች አክስቴ ከውስጥ። «ከአዲስ አበባ ነው ያመጣነው።»

ይሄ ደግሞ ይባስ አደናገራቸው። መጋረጃውን ገለጥኩና ፊታቸው ቆምኩ። «እኔ ነኝ። አላውቅም ነው ያልኩት፣ ሸኽዬ።»

አጎቴ ቶሎ ብሎ «አላውቅም ማለት ያው ዝምታ ነው፤ ይታሰር» አለ። ሌላው ምስክር «የለም፣ እምቢታ ነው» አለ። ሸኽ አደም ሁለቱንም በእጃቸው አስቆሙ።

«ዝምታ እሺ የሚሆነው መናገር የምትችል ልጅ ዝም ስትል ነው» አሉ። «ይቺ ልጅ ስትጠየቅ መቼ ትችል ነበር? አሁን ቻለች፣ አላውቅም አለች። እስክታውቅ ይቆያል።»

አባቴን ማየት ፈራሁ። ያን ሁሉ ሰው ጠርቶ፣ በሬ ጥሎ። እሱ ግን ጠጋ ብሎኝ፣ በለመደው ሹክሹክታ፣ «ውሃ ስትጠጪ አሁንም ያንቅሻል?» አለኝ።

«አያንቀኝም፣ አባ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ወጣ።

ምግቡ ተበላ፣ ምን ይደረጋል። እንግዳው ሲሰናበት ግማሹ እንደ ደስታ «ሙባረክ» ይላል፣ ግማሹ እንደ ሐዘን «አብሽሩ» ይላል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ይለዋል። ሰይድ ሊሄድ ሲል በሩ ላይ አገኘሁት።

«ምኑን ነው የማታውቂው?» አለኝ።

«አንተን። ይኼንንም ድምፅ።»

«እሱን እኔም አላውቀውም» አለና ሄደ። ቀረ ብዬ ነበር። ግን መርሳ ገበያ ቀን ሲመጣ ቅርጫቴ አጠገብ ቁጭ ይላል። እየጨመቀ ብርቱካን ይመርጣል፣ እኔ እቆጣዋለሁ፣ ይስቃል። ስናደድ የሚወጣውን ድምፄን ለመስማት ሆን ብሎ እንደሚጨምቀው የገባኝ ቆይቶ ነው። ድምፄ እየቀለለ መጣ፣ የድሮው ግን አልሆነም። እኔም ሳላስበው የሚመጣበትን አውቶቡስ መጠበቅ ጀምሬ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ሸኽ አደም ያው መጋረጃ ፊት ቆሙ። መጀመሪያ «መናገር ትችያለሽ?» አሉኝ። «እችላለሁ» አልኳቸው። ከዚያ ያን ጥያቄ ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። ረጅም ጊዜ ጠብቀው «ፈቅዳለች» አሉ።

ዕድሜዬ እየገፋ ሲመጣ ግን አንድ ነገር እየከበደኝ ሄዷል። ሰዎች ታሪኩን ሲሰሙ ጎበዝ ነሽ ይሉኛል፣ ደፋር ነሽ ይሉኛል። እኔ ራሴን አውቃለሁ። አውቶቡስ ሥር እጮህ እንደሆነ እንጂ አባቴ ፊት ቀና ብዬ የማላይ ልጅ ነበርኩ። ያን ቀን ደፍሬ የተናገርኩት ድምፁ የሌላ ሰው ስለመሰለኝ ይሆናል፤ ከኔ ያልወጣ ነገር እኔን አያሳፍረኝም ብዬ። ታዲያ የተናገረው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ መርፌው? ደሴ ላይ ያጣሁትን ስንት ጊዜ አልቅሼበታለሁ፣ ዛሬም ይናፍቀኛል። ቀጭኑ፣ ጠንካራው፣ የራሴ ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ ግን ያን ቀን ዝም እል ነበር።