ከመስኮቱ የገባችው ፀሐይ

እህቴ የደወለችልኝ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ገና ነጠላዬን ሳላጥፍ ነበር።

«ሰምተውታል» አለችኝ።

«ማን? ምኑን?»

«ጎረቤታችን ናቸዋ! ምዕራፍ አራትን።»

ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያ ልቦለዴን ያንን ምዕራፍ የላክሁት ለእሷ ብቻ ነበር፤ ያውም ማንም እንዳያይብኝ አስምያት።

«አንቺ ነሽ ያነበብሽላቸው?»

«ምን ላድርግ? ከኮንዶሚኒየማቸው ቡልጋሪያ ማዞሪያ፣ እኔ ቤት ድረስ መጡ። ‹ልጃችን መጽሐፍ ጻፈች አሉ፤ እኔ ፊደል የለኝ፣ እስቲ አንብቢልኝ› አሉ። ደግሞ አሳሳቃቸው! የካዛንቺስን ጭቃ፣ የቧንቧውን ወረፋ ሳነብላቸው ‹ይቺ ልጅ ዓይኗ ካሜራ ነው› ይላሉ። በቃ፣ እኔም ሞቅ አለኝና ሳላስበው እዚያ ገጽ ላይ ደረስኩ።»

እዚያ ገጽ ላይ ያለው እንዲህ ነው። የአንዲት እናት ሠልስት ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ጎረቤቷ ሰው የሌለበት መኝታ ቤት ትገባለች። ከትራስጌ የተሰቀለውን የሟቿን የወርቅ መስቀል ታወርዳለች። ከመስኮቱ የገባችው ፀሐይ መስቀሉ ላይ ታርፍና ግድግዳው ላይ ትንሽ ብርሃን ይንቀጠቀጣል። ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች።

የእናታችን መስቀል በእውነት ጠፍቷል። ማንም ስም አልጠራም። እኔ ግን በለቅሶዋ ሰሞን ወደ መኝታ ቤቷ ብቅ ሲሉ ያየሁት ጎረቤታችንን ነበር። ከእናታችን ጋር ሁልጊዜ ቂርቆስን የሚሳለሙ ሴት ነበሩ። ከአገር እስክወጣ ድረስ ሰላም ባልኳቸው ቁጥር የማየው እጃቸውን ነበር።

መጀመሪያ የጻፍኩት «መስቀሉ ከቤት ጠፋ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ደረቀብኝ። አንባቢ እንዲያየው ብዬ መስኮት ጨመርኩ። መስኮት ካለ ፀሐይ፣ ፀሐይ ካለች እጅ። እጁን ስጽፍ ያየሁት መሰለኝ። ውሎ ሲያድር «መሰለኝ» ቀረና «አየሁ» ሆነ።

«ታዲያ ምን አሉ?»

«ሻያቸውን እንኳ አልጨረሱም። በር ላይ ዞር ብለው፣ ‹ልጄ፣ ድንኳኑ የት ሄዶ ነው ፀሐይ የገባችው?› አሉኝና ሄዱ።»

የሌባ ብልጠት ነው አልኩ በልቤ። እስኪመሽ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ግቢያችን ጠባብ ነበር። የእድሩ ሰዎች ለለቅሶው ድንኳን ሲተክሉ ገመዱን የሚያስሩበት አጥተው ከመኝታ ቤቱ መስኮት ብረት ጋር ያሰሩት ይመስለኛል። ሸራው መስኮቱን ጋርዶት በቀትር አምፖል እያበራን እንገባ ነበር። ይህን አስታውሼ ነው? ወይስ እሳቸው ስላሉት አሁን ደግሞ ይህንን እየጻፍኩት ነው?

መልሼ ደወልኩ። «አንቺስ መስኮቱን ታስታውሻለሽ?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ? ማለቴ… ያኔ የእማዬን ዕቃ ሳጥን ውስጥ እያስገባሁ ነበር።»

«መስቀሉንስ?» ልላት አፌ ላይ ደረሰ። አማተብኩና ዋጥኩት። አንዱን ጥርጣሬ ሳልነቅል ሌላ ልተክል ነው።

የንስሐ አባቴን በስልክ ጠየቅኋቸው። «አይተሻል?» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አሳታሚውን ምዕራፉን አቆይልኝ ብዬዋለሁ። እሳቸው ከወሰዱት እውነት ጽፌያለሁ። ካልወሰዱት ግን ፊደል በማያውቁ አሮጊት ላይ በሐሰት መስክሬ፣ ያንኑ ላሳትመው ነው። ሄጄ እንዳላይ ቤታችን ፈርሷል፤ የእድሩም ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል።

ስለዚህ በዚያ ሠልስት ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ የተቀመጣችሁ፣ ይልቁንም ድንኳኑን የተከላችሁ፣ ገመዱን የት እንዳሰራችሁት ንገሩኝ። እኔን እንዳይከፋኝ ብላችሁ አታሳምሩት። ጎረቤታችንን ያገኘ ደግሞ ያቋረጡትን ሻይ እኔ ራሴ መጥቼ እስካስጨርሳቸው ድረስ እንዲታገሡኝ ይለምንልኝ።