ትራክተሩን የመለስን ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ ቡሬ ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ ይሁኔ ከሞተ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። የማልረሳው ግን በሐዘኑ ብቻ አይደለም። ያን ቀን በሠራሁት ሥራ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ይሁኔ አራት ዓመት ጅቡቲ ወደብ ሠርቷል። ሥራው መርከብ መፈተሽ ነበር። መርከብ የሚከራይ ሰው ሲረከብ ነዳጁ ይለካል፣ ጭረቱና ስንጥቁ ይጻፋል። ሲመልስም እንደገና ይታያል። እሱ ይህን ሲያወራ አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማው። ባሕር አይቼ አላውቅም።

ለእረፍት በመጣ ጊዜ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ላለው ማሳችን ትራክተር ተከራየን። አከራያችን ሐጂ ሰይድ፣ የቡሬ እህል ነጋዴ ናቸው። እኛ አገር የሰው ንብረት በባለቤቱ ፊት ማገላበጥ ነውር ነው፤ አላመንኩዎትም እንደማለት ነው። ይሁኔ ግን ትራክተሩን ሁለት ጊዜ ዞረው። የመብራቱን ስንጥቅ፣ የኋላ ጎማውን ቁስል ጻፈ። ቀጭን የባሕር ዛፍ ዘንግ ነዳጁ ውስጥ አጠለቀና እርጥበቱ የደረሰበት ላይ በቢላ ምልክት አደረገ። ወረቀቱን ለሁለት ከፈለው፤ "ሲወጣ" እና "ሲመለስ" ብሎ። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ።

ሐጂ ሳቁ። "እኔ ልጄን ስድር አማቼን እንኳ እንዲህ አላገላበጥኩም" አሉት።

በአምስተኛው ቀን እርሻ ላይ እንዳለ አተኮሰው። ወባ ነው ተባለ። ትራክተሩን የሚነዳልን የሰፈራችን ሰው ሙሉቀን ነበር። ሌላ መኪና በዚያ ጭቃ አይገባም፤ ወንድሜን ትራክተሩ ላይ ደግፎ አስፋልት ድረስ ያወጣው እሱ ነው። ሆስፒታል ሁለት ሌሊት አደረ። ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አልችልም።

ሐጂ ትራክተሬን አምጡ ብለው አልላኩብንም። እኔ ግን ራሴ እመልሳለሁ አልኩ። ይሁኔ የተረከበውን፣ በተረከበው ልክ። ሌላ የማደርግለት ነገር አልነበረኝም።

ቡሬ ማደያ ገብተን ነዳጁን ዘንጉ ላይ እስካለው ምልክት ድረስ ሞላን። ከዚያ ሙሉቀን ትራክተሩን ይዞ ወደ ሐጂ ቤት ሄደ፤ እኔ ሐጂን ለመጥራት በባጃጅ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ስንደርስ ትራክተሩ በራቸው ላይ ቆሟል። ሐጂ "አላህ ይዘንለት፣ አሁን ምን ይለካል፣ ተወው" አሉኝ። አይሆንም አልኩ።

ዘንጉን ብከተው ሦስት ጣት ጎደለ። ጠርጌ ደገምኩት። ያው ነው።

ከትራክተሩ ጋር ብቻውን የነበረው ሙሉቀን ነው። ዞርኩበትና ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ "የሞተ ሰው ነዳጅ ትሰርቃለህ?" አልኩት።

ሙሉቀን ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው።

ሐጂ ትራክተሩን አዩ፤ መሬቱንም አዩ። በራቸው ላይ ያለው መንገድ ቁልቁል ነው። ነዳጁ ወደ ፊት ሸሽቶ፣ ዘንግ በሚገባበት በኩል ጎድሎ ነበር።

"ወንድምህ ያን ጊዜ ከዚህ አስነስቶ ግቢ ውስጥ ሲሚንቶው ላይ አስቁሞኛል" አሉ። "ካዘነበለ ልኩ ይዋሻል ብሎ። መርከብም እንደዚያ ነው ብሎ። በል ሙሉቀን፣ አስገባው።"

ያን ቀን ሲያስቆማቸው እኔም እዚያው ነበርኩ። በማፈር ላይ ስለነበርኩ ልብ አላልኩትም።

ሲሚንቶው ላይ ስንለካው እርጥበቱ ልክ ምልክቱ ላይ አረፈ። ሐጂ "ሲመለስ" ከሚለው ሥር "እንደወጣው" ብለው ጻፉና ፈረሙ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ሙሉቀንን ይቅር በለኝ አልኩት።

"የምትቆጣው ሰው አጥተህ ነው" አለኝ። "እኔ ልሁንልህ፣ ምን አለበት።"

ስለዚያ ቀን ከዚያ ወዲህ አንስቶብኝ አያውቅም። ስንገናኝ ስለ ይሁኔ እንጨዋወታለን። በቅርቡ፣ ትራክተሩ ላይ ሆነው ወደ አስፋልቱ ሲወጡ ይሁኔ ያለውን ነገረኝ፦ "ሙሌ፣ ለእማዬ ብርድ ነው በላት። ወባ ካልካት እህል አትቀምስም።"

ይህን የሰማ ሙሉቀን ብቻ ነበር። ያን ቀን ተቀይሞኝ ቢቀር፣ የወንድሜ ቃል ለእኔ ሳይደርሰኝ ይቀር ነበር።