ሦስት ዓረፍተ ነገር ለኢሊሊ

ኤቢሴ ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ፣ ከእኔ ጎን ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ከጀመረች አሥራ ሦስት ዓመት ሆናት። ዘንድሮ ግን ኮሌታ እየሰፋች «ኦላ፣ ቡዌኖስ ዲያስ» ማለት አመጣች። ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደርክ ማለት ነው። መጀመሪያ ስቄባታለሁ። ደንበኛ ሲመጣም «ሙቾ ጉስቶ» ትለዋለች፣ ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል ለማለት፤ በዋጋ ሊከራከር የመጣው ሁሉ ግራ ገብቶት የተጠየቀውን ከፍሎ ይሄዳል።

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። ልጇ ኢሊሊ ከስፔን ልትመጣ ነው። ባሏ በሞተ ዓመት ኤቢሴ ሳንባዋን ታማ ስትተኛ፣ ታላቅ ወንድሟ ቢቂላ የሁለት ዓመቷን ሕፃን ለስፔን ቤተሰብ በጉዲፈቻ እንስጣት አላት። ያኔ የስፔን ሰዎችን የሚያመላልስ ሾፌር ነበር፤ ቋንቋውንም ከእነሱ ነው የለቀመው። ኤቢሴ ጉዲፈቻ ሲባል የምታውቀው የአገሯን ነው። ልጅቷ ሁለት ቤት ይኖራታል፣ የወለደቻትን ታውቃለች፣ በዓል ሲሆን መጥታ ትጠይቃለች። ስለዚህ እሺ አለች፣ ወረቀቱን ቢቂላ ጨረሰው። አሥራ ሰባት ዓመት በዓል መጣ ሄደ፣ ኢሊሊ ግን አልመጣችም።

ዘንድሮ ልጅቷ የቢቂላን ስም ከወረቀቷ ላይ አግኝታ ጻፈችለት። አስተማሪም እሱው ሆነ። እሁድ እሁድ ከጸሎት መልስ ቀራንዮ ቤቷ እየመጣ ያስጠናታል። እኔ ትርጉሙን ስልኬ ላይ እንፈልገው ብላት ተቆጣች፤ ወንድሜ እያለ ስልክ ምን ያደርግልኛል አለችኝ። ለኢሊሊ የምትላትን ሰላምታ፣ ቀጥሎም «ሜ ያሞ ኤቢሴ»ን፣ ስሜ ኤቢሴ ነው ለማለት፣ አስጠናት፤ አብልጣ የምትደጋግመው ግን ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ሶይ ቱ ቲያ»። እናትሽ ነኝ ማለት ነው ብሏታል። መርፌ ላይ ክር ስታስገባ እንኳ ትለዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ኢሊሊ ኤቢሴ ቤት መጣች፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ቢቂላ እኔ እተረጉማለሁ ብሎ ቀድሞ መጥቶ ተቀምጧል፤ እሷ ግን ፋሲካ የምትባል አስተርጓሚ ይዛ ገባች። ኤቢሴ እጄን እንደያዘች ተነሣች።

«ኦላ። ሜ ያሞ ኤቢሴ። ሶይ ቱ ቲያ።»

አንዱንም አልተሳሳተችም። ኢሊሊ ሁለት ጉንጯን ስማ እያለቀሰች የሆነ ነገር ተናገረች።

«አክስቴን በማግኘቴ ደስ ብሎኛል፤ የእናቴን መቃብር ታሳይኛለሽ ወይ ነው የምትለው» አለች ፋሲካ።

«የማንን እናት?» አለች ኤቢሴ።

ፋሲካ ግራ ገብቷት፣ አሁን አክስትሽ ነኝ አላሏትም እንዴ ብላ ጠየቀቻት። ኢሊሊ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። እናትየዋ መሞቷን ሦስት ምስክሮች ቀርበው ያረጋገጡበት ነው። አንደኛው ምስክር ቢቂላ ነው። ለኤቢሴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፣ ምነው ዓይኔ በጠፋ። ያን ሁሉ እሁድ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ሻይዋን እየጠጣ፣ ጎበዝ እያላት! እኔ እንኳ ባዕዷ ይቅር አልለውም።

ኤቢሴ አልጮኸችም። እናትሽ ነኝ የሚለው እንዴት እንደሆነ ፋሲካን ጠየቀቻት።

«ሶይ ቱ ማድሬ» አለቻት ከዚያ ኢሊሊን።

ኢሊሊ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ወረቀቱንና ኤቢሴን እያፈራረቀች አየች፣ ቀጥሎ ቢቂላን። እሱም መሬት መሬት እያየ ለልጅቷ «ፔርዶን» አላት፣ ይቅርታ ማለቱ ነው። ኤቢሴ ቃሉን ታውቀዋለች፣ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። ለእሷ ግን በአማርኛም በኦሮምኛም አላላትም።