ለሁለት ሰው የሚሠራ ሩዝ

ሊያንድሮ በመንደራችን ባሕር ዳር ባለው የፓስኩዋል ምግብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አስተናግዷል። ብቻውን መጥቶ ሩዝ ለሚያዝ ሰው መልሱ አንድ ነበር፤ ሩዝ ለአንድ ሰው አይሠራም። ሕጉ የእሱ አይደለም። በዚህ ዳርቻ ያለ ምግብ ቤት ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ሰፊው መጥበሻ ለአንድ አፍ ተብሎ እሳት ላይ አይወጣም። እኔም ብቻዬን ስለምበላ ሰርዲን አዛለሁ።

እሱ ራሱ ሩዝ የሚበላው ቆሞ ነው። እንግዳው ሲያልቅ ኤርሚኒያ መጥበሻውን በማዕድ ቤቱ መስኮት ታቀብለዋለች። ከሥሩ የሚይዘው ቡናማ ቅርፊት ሁልጊዜ በአንድ ጠርዝ ትንሽ ተርፎ ያገኘዋል። በማንኪያ ፍቆ ይበላል። እሷም ከመስኮቱ ማዶ ቆማ ትበላለች።

ኤርሚኒያ ምግብ አብሳይዋ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች መስኮት ተነጋግረዋል። አብዛኛው ንግግራቸው የጠረጴዛ ቁጥርና የሰው ብዛት ነው። እሱ ስድስት ቁጥር፣ ለአራት ይላል፤ እሷ ይጠብቁ በላቸው ትላለች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሊያንድሮ አላገባም። መስኮቷ ከደረት በላይ ብቻ ስለምታሳይ ጫማዋን ያየበት ቀን በጣት ይቆጠራል።

ባለፈው ዓመት የሙቀቱ ወራት አልፎ እንግዳው መበተን ሲጀምር፣ ኤርሚኒያ ሳህን እያቀበለች ሳራጎሳ ከተማ ያለችው ልጇ እንደጠራቻት ነገረችው። ክፍል ተዘጋጅቶላታል። ምግብ ቤቱ ለብርዱ ወራት ሲዘጋ፣ በወሩ የመጨረሻ እሁድ ትሄዳለች። ሊያንድሮ ሳህኑን ተቀበለና የእኔን ሰርዲን ከጎኔ ለተቀመጡ ጀርመን እንግዶች ወስዶ ሰጣቸው። ሳህን ሲስት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከመሄዷ በፊት አንድ ሰኞ ቀርቶ ነበር። ሰኞ የፓስኩዋል ቤት ዝግ ነው። ሊያንድሮ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ሰኞ የሁለቱ እህትማማቾች ምግብ ቤት ሄደን ሩዝ እንብላ ወይ ብሎ ጠየቃት። ይህ በእኛ መንደር ቀላል ነገር አይደለም። የአንዱ ምግብ ቤት ሠራተኛ ሌላው ቤት ከተቀመጠ፣ ወይ ከአሠሪው ተጣልቷል ወይ ሥራ ሊለምን መጥቷል ይባላል። ኤርሚኒያ እጇን በሽርጧ ጠረገችና አሁን እዚያ የሚያበስለው ማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው። ታላቅየዋ እህት፣ ኒየቬስ፣ አላት።

"ጨው ታበዛለች" አለች። እሺ ማለቷ ነበር።

ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። እኔ ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ነበርኩ። እሱ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ እሷ ሰማያዊ ጫማ አድርጋለች። ኒየቬስ ከማዕድ ቤት ወጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ከአሠሪያችሁ ተጣልታችሁ ነው ወይስ ልትሰልሉን?"

"ሩዝ ልንበላ ነው" አለ ሊያንድሮ።

"ለስንት ሰው?"

ይህን ጥያቄ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጠየቀ እሱም አያውቀውም። ተጠይቆ ግን አያውቅም።

"ለሁለት።"

ሩዝ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሊያንድሮ አትሂጂ ሊላት ነበር የመጣው። ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ንግግሩን አዘጋጅቶ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። አፉን ሊከፍት ሲል ከበስተኋላ አንድ ሰው ዳቦ ፈልጎ እጁን አነሳ። ሊያንድሮ ብድግ ብሎ ዳቦውን አምጥቶ ሰጠው። ተመልሶ ከመቀመጡ በፊት ደግሞ የእኔን ሳህን ከነአጥንቱ አነሳ።

"ሊያንድሮ፣ የዛሬው እንግዳ አንተ ነህ" አልኩት። ሳህኑን መልሶ አስቀመጠልኝ።

ተቀመጠ። ወዲያው ኤርሚኒያ አንገቷን ቀና አደረገች። ሩዝ ውኃውን ጨርሶ ሥሩ ሲይዝ ይንጣጣል፤ እሷ ድምፁን ከሃያ እርምጃ ትሰማለች። ተነስታ ወደ ማዕድ ቤቱ ማምራት ስትጀምር ሊያንድሮ የሹራቧን እጅጌ ያዘ።

"ተቀመጪ። የእነሱ ሩዝ ነው።"

"እያረረ እኮ ነው።"

"ይረር።"

ተቀመጠች፤ ዓይኗ ግን ከማዕድ ቤቱ በር አልተነሳም።

ሩዙ ትንሽ አርሮ መጣ። እኛ ሩዝ በሳህን አናወጣም። ሁሉም ከመጥበሻው ላይ በማንኪያው ከፊቱ ጀምሮ ወደ መሐል ይበላል፣ የሌላውን ድንበር አያልፍም። በዚህ ከወንድሙ የተኳረፈ ሰው አለ። ሁለቱም አቀርቅረው በሉ። መሐል ሊደርሱ ሲሉ ኤርሚኒያ በእሷ በኩል ያለውን ቅርፊት በማንኪያዋ ፈቅፍቃ አላቀቀችና ድንበሩን አሻግራ ወደ እሱ ገፋችው።

"ይኼ ያንቺ ነው" አላት።

"ብላ። ለምደኸዋል።"

"እኔ የምበላው እንግዳ የተወውን ነው።"

ኤርሚኒያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ቅርፊት የሚተው እንግዳ አይተህ ታውቃለህ? አንድም ቀን ተርፎ አያውቅም። እኔ ነኝ ሩዙ ከመውጣቱ በፊት ከጠርዙ አንስቼ የማስቀርልህ፤ መጥበሻው ባዶውን ሲመለስ መልሼ አኖርበታለሁ።"

ሊያንድሮ መጥበሻውን አየ። ሃያ ስድስት ዓመት ከእንግዳው ፊት መጥበሻ ሲያነሳ ኖሯል፤ አንዱም ላይ ቅርፊት ቀርቶ አይቶ አያውቅም። ጢሙን ሲላጭ ያዘጋጀው ንግግር ጠፋበት።

"አትሂጂ" አለ። ከዚያ ሁሉ የቀረው ይህ ብቻ ነበር።

እሷ ወደ ባሕሩ ዞረች። ኒየቬስ ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ብቅ ብላ ተመለሰች።

"የሚቀጥለው ሰኞ ግን እዚህ አንመጣም" አለች ኤርሚኒያ በመጨረሻ። "ጨው ታበዛለች ብዬሃለሁ። ቤቴ መጥበሻ አለኝ።"

"እሁድ ትሄጃለሽ አይደል?"

"ለልጄ ዛሬ እደውልላታለሁ። ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።"

ከኋላቸው ያ ሰውዬ ዳቦ አልቆበት እንደገና እጁን አነሳ፤ ሁለት ጊዜም ጠራ። ሊያንድሮ አልተነሳም። ቅርፊቱን እያኘከ ነበር።