ስለ ባሕር ልጠይቅ እንጦጦ ወጣሁ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሰፈሬ ከወሰን ተነሣሁ። የተነሣሁት አንድ ሰው ውሸታም መሆኑን ላረጋግጥ ነው። ሰውየው መርሻ ይባላል። እንጦጦ ራጉኤል አጠገብ ይኖራል፤ ዕድሜዬን ሙሉ የመርከብ ሞተር ስጠግን ኖሬአለሁ ይላል። የልጅ ልጄ ሰብለ የመርከብ መሐንዲስነት ሥልጠናዋን እንደጨረሰች፣ በእሱ አማካይነት ሥራ አገኘሁ አለችኝ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሞምባሳ ደርሳ መርከብ ላይ መውጣት ነበረባት።

«ምን የሚጭን መርከብ ነው?» አልኳት።

«ምንም አይጭንም፣ እማማ።»

«ዓሣ ያጠምዳል?»

«አያጠምድም። ባሕር ነው የሚያጠናው።»

ምንም የማይጭንና ምንም የማያጠምድ መርከብ ለአንዲት የወሰን ልጅ ደመወዝ ይከፍላል ማለት ነው። በዚያው ቀን ፓስፖርቷን ከመሳቢያዋ አውጥቼ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «እሺ፣ አብረን እንሂድና ራስሽ ጠይቂው» አለች።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ነገር ግን ወሰን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት አስተዳድሬአለሁ። ሞተር የሚያውቅን ሰው ስለ ሞተር ከሚያወራ ሰው እለያለሁ። ስለዚህ አንድ የተበላሸ ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የበርበሬ ወፍጮዬን ዘንግ ይዞ የሚያሽከረክረው፣ ውስጡ የብረት ኳሶች ያሉበት ቀለበት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሰኔ ላይ ሸምሱ ከሚባለው የሰፈራችን የመለዋወጫ ነጋዴ አዲሱን ገዝቼ አስገጠምኩት። ክረምቱን በርበሬ የሚያስፈጭ አልነበረም። ጥቅምት ላይ ሥራ ስንጀምር በሳምንቱ ጮኾ ተሰበረ። አስመስለው የሠሩትን ዕቃ ነው የሸጠልኝ ብዬ ሱቁ ሄድኩና በደንበኞቹ ፊት «ሌባ ነህ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤቴ የመጣውን ሰው ሁሉ ከሸምሱ እንዳይገዛ ስመክር ቆይቻለሁ። ኩሽኔታውን ለማስረጃ አስቀምጬው ነበር፤ ዛሬ ለፈተና ይሆነኛል አልኩ። መልሱን የማውቀው ፈተና ነው።

በሩ ላይ ለሰብለ እጄን ዘረጋሁላት። «ስልክሽን።»

«ለምን?»

«ደውለሽ ‹እየመጣች ነው፣ ተዘጋጅ› እንዳትዪው።»

«እማማ፣ አንቺ እኮ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» ብላ ሰጠችኝ።

ከላምበረት እስከ ሽሮ ሜዳ

ሚኒባሱ ላምበረት ሲደርስ መናኸሪያው ሞልቶ ነበር። ወደ ሰሜን የሚሄዱት አውቶቡሶች ጣሪያ ላይ ፍራሽና ጀሪካን ይታሰራል፤ ተሸካሚዎች በሻንጣ ይጣላሉ። የጎረቤቴ የዘይነባ እህት ልጅ የተነሣችው ከዚህ ነው። የወሰዳት ደላላ ጨዋ ሰው ነበር፤ የእኔን ቤት እንኳ መጥቶ ሰላም ብሏል። ሆቴል ውስጥ ሥራ ተገኝቶላታል አለ። ድንበር ሲደርሱ «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» ብሎ ፓስፖርቷን ተቀበላት። እሷን ለማስመለስ ሁለት ዓመት ፈጀ። ተመልሳም ስሟን ስንጠራት ቶሎ አትዞርም ነበር።

«ከእሷ ጋር አታወዳድሪኝ» አለች ሰብለ፣ ምን እያየሁ እንደሆነ ገብቷት።

«እሷም እንደዚሁ ብላን ነበር።»

መገናኛ የአራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ መታጠፊያውን አልፎ ሄዷል። ግማሽ ሰዓት ከቆምን በኋላ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ከፊታችን ገባ።

«ወንድሜ፣ የሰልፉ ጫፍ ወዲያ ነው።»

«ቸኩያለሁ፣ እናቴ።»

«እኛ የቆምነው ፀሐይ ልንሞቅ ነው?»

ሰልፈኛው ሳቀ፤ ሰውየው ስልኩን እያየ ወደ ኋላ ሄደ። ወፍጮ ቤትም የማስተዳድረው እንደዚህ ነው። በመኪና የመጣና በእግሩ የመጣ እኩል ይቆማል።

አራት ኪሎ ታክሲ ቀይረን ሽሮ ሜዳ ወረድን። ከሀገር ልብስ ሱቆቹ ፊት አንዲት ሴት ቆሎ ትሸጣለች። መስፈሪያዋን ገልብጬ ታቹን አየሁት፤ አልተጠቀጠቀም። ሁለት ስፍር በሠላሳ ብር ገዛሁ። ሰብለ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ወደ እንጦጦ የሚወጣው ሚኒባስ ረዳት ከታሪፉ በላይ ጠየቀን።

«ሽቅብ ስለሆነ ነው፣ ማዘር። ነዳጅ ይበላል።»

«ስንመለስ ቁልቁል ነው። ያኔ ትቀንስልናለህ?»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ተዋት፣ በታሪፉ ተቀበላት» አለው።

እንጦጦ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል

መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጣ። ከላይ የሚወርዱት መኪናዎች ፍሬናቸው ተቃጥሎ ይሸታል። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸው ታጥፎ በጠርዙ ይወርዳሉ፤ ከጎናቸው ሯጮች ይወጣሉ። ማርያም ወርደን ወደ ራጉኤል በእግር ሄድን። ባሕር ዛፉ መካከል ብርድ አለ። ነጠላዬን አጥብቄ ተከናነብኩ። ከራጉኤል ደጅ ተሳልሜ እውነቱ እንዲገለጥልኝ ለመንኩ።

የሰውየው ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ተሳላሚዎች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። አጥሩ ከወገብ አይበልጥም። እሱ ደጅ ተቀምጦ የበር ማጠፊያ ይሞርዳል። ሰብለን ሲያይ ደንግጦ ተነሣ። ያልጠበቀን መሆኑን በዓይኔ አረጋገጥኩ።

ወደ ውስጥ ገልመጥ አልኩ። የመደርደሪያዎቹ ፊት በሙሉ በጣውላ ተከልሏል፤ ኩባያዎቹ በማንጠልጠያ ተሰቅለዋል፤ ሬዲዮው ግድግዳ ላይ ታስሯል። የማይነቃነቅ ተራራ ላይ እንደ መርከብ ዕቃ ማሰር ምን ይባላል? ሰው ሊያሳምንበት ያዘጋጀው ነው አልኩ በሆዴ።

«የመጣሁት ስለ ልጅቷ ልጠይቅዎት ነው» አልኩ በዝግታ።

«ጮክ ይበሉ፣ እትዬ። ሠላሳ ዓመት ሞተር ቤት ጆሮዬን በልቶታል።»

ደገምኩት። ከመንገዱ ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩኝ። በምሥጢር ላደርገው የነበረው ምርመራ እንደዚህ ሆኖ ተጀመረ።

በወጣትነቱ ምፅዋ ባሕር ኃይል እንደነበረ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ በጀልባ ወደ የመን እንደተሻገረ፣ እዚያ ወደብ ላይ የሞተር ቤት ወለል ከመጥረግ ተነሥቶ ዋና መሐንዲስ እስከመሆን እንደደረሰ ነገረኝ።

«ታዲያ የማይጭነው መርከብ ምንድን ነው ሥራው?»

«መቆም ነው» አለ። «የጭነት መርከብ መድረስ ነው ሥራው። የእኛ ግን ውቅያኖስ መካከል አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ረጅም ገመድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ያሉት ጠርሙሶች ከጥልቁ ውኃ ቀድተው ይመለሳሉ። ሦስት አራት ሰዓት መርከቡ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም፤ ሞተሩም መጮህ የለበትም። ያን የምንጠብቀው እኛ ነን።»

«ውኃውን ምን ያደርጉታል?»

«ሙቀቱንና ጨዉን ይለካሉ።»

«ከዚያስ?»

«ይደፉታል።»

ሰብለን አየኋት። እሷ ወደ መሬት አየች። እሱ ግን በጣቱ ወደ ሰማይ አሳየኝ። «ክረምት ላይ እዚህ ተራራ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከባሕር ነው የሚነሣው፣ እትዬ። ባሕሩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ዝናቡም ይለዋወጣል። ሊያውቁ የሚፈልጉት እሱን ነው።»

ደላላም ይህን አጥንቶ ሊናገር ይችላል። ኩሽኔታውን አወጣሁ።

«ይህ ለምን ሞተ?»

ወደ ብርሃን ወስዶ በጨርቅ ጠረገው። የትንሹን ጣቱን ጥፍር ኳሶቹ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ። አንዴ ዞረ፤ ደገመ።

«ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር?»

«ክረምቱን።»

«አጠገቡ የሚሠራ ሌላ ማሽን አለ?»

«የጤፍ ወፍጮ አለ። አንድ ሲሚንቶ ላይ ነው የተተከሉት።»

«እንግዲያው ዕቃው ደህና ዕቃ ነበር» አለ። «የገደለው መቆሙ ነው። የራስዎን ጥፍር ያስኪዱበት።»

አስኬድኩ። ጥፍሬ እኩል እኩል በተራራቁ ትንንሽ ጉድጓዶች ላይ ይያዛል። ሦስት ዓመት ሣጥኔ ውስጥ ሳስቀምጠው አንድ ቀን አልነካኋቸውም። የጤፍ ወፍጮው ሲንቀጠቀጥ፣ ያልተሽከረከሩት ኳሶች ክረምቱን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ሲመቱት እንደከረሙ አስረዳኝ።

«የሸጠልኝ ሰው ሌባ ነው» አልኩ።

«አይደለም። በሰውየው ላይ አይፍረዱበት።»

«ሠላሳ ዓመት ወፍጮ አስተዳድሬአለሁ።»

«እኔም ሠላሳ ዓመት በመርከብ ኖሬ ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። መርከብ ላይ ቆሞ የሚጠባበቅ የሞተር ማቀዝቀዣ ፓምፕ አለ። በየፈረቃው ዘንጉን በእጅ ሩብ ዙር ማዞር የእኔ ሥራ ነበር። ነገ አዞረዋለሁ እያልኩ ሳምንታት አለፉ። ገመዱ ባሕር ውስጥ እያለ ዋናው ፓምፕ ቆመ። ተጠባባቂውን ሳስነሣው እንደ እርስዎ ወፍጮ ኩሽኔታው ጮኾ ተሰበረ። ሞተሩን ማጥፋት ግድ ሆነ፤ ነፋሱ መርከቡን ወሰደው፤ ገመዱን ቆረጡት። መሣሪያው ሁሉ ባሕር ገባ። እሱን ስትጠብቅ የኖረችው ተመራማሪ ሞተር ቤት ድረስ ወርዳ አየችኝ። ተመልሳ ወጣች።»

«መዝገቡ ላይ ምን ጻፉ?»

«‹ተጠባባቂውን ፓምፕ በእጄ አላዞርኩም› ብዬ ፈረምኩ። በሚቀጥለው ወደብ አወረዱኝ። አንድ ዓመት ያለ ሥራ ተቀመጥኩ።»

ብዙ ደላላ አይቻለሁ። ውርደቱን ሥራ ባገኘላት ልጅ ፊት የሚያወራ፣ እሺታዬን እየፈለገ ተሳስተሻል የሚለኝ ደላላ አላየሁም። እስከዚህ ድረስ በጽሑፌ አንተ ብያቸዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ አንቱ ይባላሉ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኝ ነበር፤ የመጣሁበት ጥያቄ እሱ ነው።

«መርከቡ ላይ ፓስፖርቷን ማን ይይዛል?»

አቶ መርሻ አላመነቱም። «ካፒቴኑ ይይዘዋል።»

ቦርሳዬን አነሣሁ። «ተነሺ፣ ሰብለ።»

«ለወደብ ፍተሻ ነው፣ እትዬ፤ የካፒቴኑም የራሱ እዚያው ነው የሚቀመጠው—»

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት። ፓስፖርት የባለቤቱ ነው። ሌላ ሰው የያዘበት ሰው እስረኛ ነው። ተነሺ አልኩሽ።»

ሰብለ አልተነሣችም። «እማማ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ማን ጋ ነው ያለው?»

አቶ መርሻ ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች?»

ሰብለ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። እሳቸው ይጠብቃሉ። አጥሩ ዳር ሦስት ተሳላሚዎች ቆመዋል።

«ፓስፖርቷን…» አልኩ።

«ጮክ ይበሉ፣ እትዬ፤ አልሰማሁም።»

«ፓስፖርቷን እኔ ነኝ የቆለፍኩበት» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

አቶ መርሻ እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። «ካፒቴኑ ሲቀበላት ፈርሞ ነው። ስትጠይቀውም ይመልስላታል። እርስዎ ፈርመውላታል?»

«አልፈረምኩም።»

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሽማግሌ ሴት መቋሚያቸውን ተደግፈው «ስጫትና ይለይለት፣ እህቴ» አሉኝ። «ነገሩን ሁሉ ሰምተናል።»

ወሰን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ቁልቁለቱን በታሪፉ ወረድን። ላምበረት ስናልፍ ሰብለ እጄን ያዘች፤ አላስለቀቅኳትም። ወሰን እንደወረድን ቤት አልገባሁም፤ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ደንበኞች ነበሩ። እንዳይወጡብኝ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ሌባ ያልኩት በሰው ፊት ነውና።

«ሸምሱ፣ ያ ኩሽኔታ ደህና ዕቃ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስምህን ያለ ጥፋትህ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

መቁጠሪያውን አስቀመጠ። «እትዬ አስካለ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እህሌን ተሸክሜ ካራ ድረስ ሄጄ ነው የማስፈጨው።»

«ሰኞ እዚህ አምጣ።»

«ቅድሚያ ይሰጠኛል?»

«ተራ ትጠብቃለህ።»

መጀመሪያ ደንበኞቹ ሳቁ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ።

ይህ ጉዞ መጠርጠሬን እንድተው አላስተማረኝም፤ ላምበረትን የሚያውቅ ሰው አይተውም። ያስተማረኝ ደላላውን የምጠይቀውን ጥያቄ ለራሴም እንድጠይቅ ነው። ሰብለ መርከቡ ላይ ስትወጣ በየእሑዱ ትደውላለች። ነገር የተበላሸ ቀን «የጤፍ ወፍጮው እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ ደህና ስትሆን ስለ ወፍጮው አትጠይቅም። እንዲህ ተስማምተናል።

ያን ቀን ቤት ስንገባ ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠኋት። «አንቺው ክፈቺው» አልኳትና ወደ ወፍጮ ቤቱ ወጣሁ። የጤፍ ወፍጮው እየሠራ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። የበርበሬውን ወፍጮ ዘንግ በሁለት እጄ ይዤ ሩብ ዙር አዞርኩት። ነገ እዚያው ቦታ ላይ እንዳይቆም በጠመኔ ምልክት አደረግኩበት።