ስንጥቁን የሚጠብቀው ኢኖክ

ኢኖክ ፔርክስ ደግ ሰው ነበር ካሏችሁ እውነታቸውን ነው፤ እኔም አልክድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የካቴድራላችንን ግንብ እንደ በሽተኛ አስታሟል።

ግንቡ ደግሞ በእርግጥ በሽተኛ ነው። የጥንቶቹ ሰዎች አራቱን ታላላቅ ምሰሶዎች ከውጭ ባማረ ጥርብ ድንጋይ ሸፍነው፣ ውስጣቸውን ፍርስራሽና አፈር ሞሉት። የመጀመሪያው ግንብ መቶ ዓመት ሳይሞላው ተናደ። እነሱ ግን ልብ አልገዙም፤ በዚያው ምሰሶ ላይ የባሰ ከባድ፣ የባሰ ረጅም ግንብ ጫኑበት። ሰዉ ቀና ብሎ በቅስቶቹ ይደነቃል፤ ኢኖክ የሚያየው ስንጥቁን ነው። በየስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት በስሚንቶ ለጥፎ፣ በየማለዳው መሰላል ወጥቶ ይመለከታል። መስታወቱ ደህና ከሆነ ግድግዳው አልተነቃነቀም። ከተሰበረ ወዲያው ለካቴድራሉ አለቃ ነግሮ ቤተ ክርስቲያኑን ማስዘጋት አለበት።

ባለቤቴ ሳይላስ ከመዘምራኑ አንዱ ነበር፤ የሚቆመው በሰሜኑ ምሰሶ ሥር ነው።

«አንተ ኢኖክ፣ ዛሬስ ይወድቅብኛል?» ይለዋል።

«አንተ ላይ ቢወድቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ድንጋዩ ነው» ይላል ኢኖክ፣ ቦርጩን እያየ።

በ1934 የኢኖክ ልጅ ዊኒ ልታገባ ሆነ። እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ከሞተች ወዲህ እሱ ብቻውን ነው ያሳደጋት፤ እኔም ጸጉሯን ሳበጥር፣ ልብሷን ስሰፋ ኖሬአለሁ። የሠራተኛ ልጅ በካቴድራሉ ስትዳር ታይቶ አይታወቅም፤ አለቃው ግን ለኢኖክ ድካም ሲሉ ፈቀዱ። ሰውዬው በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ።

ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ጠዋት መሰላሉን ሲወጣ የሰሜኑ ምሰሶ መስታወት ለሁለት ተሰብሮ አገኘው። ቢናገር ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋል፤ ሰርጉም ይቀራል። ስባሪውን ኪሱ ከተተና አዲስ ለጠፈበት። ሰኞ እናገራለሁ አለ በልቡ፤ ይህን ያህል ዘመን የቆመ ግንብ አምስት ቀን አይነሳኝም ብሎ።

ሰርጉ አማረ። እኔም በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ። እሑድ ከሰዓት፣ መዝሙር መሃል፣ የምሰሶው የድንጋይ ልባስ ከላይ ተገንጥሎ ወረደ። ሌላው ሁሉ ተረፈ፤ የሳይላስን ሬሳ ግን ከድንጋዩ ሥር አወጡ።

አደጋውን ያጣራው መርማሪ ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር ብሎ ፈረደ። ጥፋቱ በጥንቶቹ ግንበኞች ላይ ተላከከ፤ እነሱ እንደሁ ተነሥተው አይከራከሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ኢኖክ ወጥ ቤቴ መጥቶ ሁሉንም ነገረኝ፤ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ለማን ተናገርክ?» አልኩት።

«ላንቺ ብቻ። ይቅር በይኝ፣ ሄስተር።»

«መጀመሪያ ሂድና ለአለቃው ተናገር።»

«ዊኒ ብትሰማስ? በሰርጌ ምክንያት ሰው ሞተ እያለች እንዴት ትኖራለች?»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብዬ በሩን ከፈትኩለት።

አልተናገረም። እኔም ለዊኒ ስል አፌን ዘጋሁ። ስምንት ዓመት መንገድ ላይ ባርኔጣውን ሲያነሳልኝ ፊቴን አዞርኩ። ሰዉ ሐዘን አጨከናት እያለ አማኝ። ይበሉ! ምክንያቱን እንኳን ሊያውቁት ሊጠረጥሩትም አይችሉም።

በመጨረሻ ዊኒ ራሷ እያለቀሰች መጣች። «አባዬ ሊሞት ነው፤ ስምሽን ይጠራል። ለመሆኑ ምን በድሎሽ ነው?»

«ምንም» አልኳትና ተከትያት ሄድኩ።

ስንደርስ ድምፁ ተዘግቷል። ዓይኑን ግን ከእኔ አልነቀለም። ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ እኔም በመንገዴ ሁሉ ይቅር ልለው ቆርጬ ነበር። ዊኒ ግን እጁን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ዊኒዬ፣ እስቲ ሐኪሙን ጥሪልኝ» አልኳት።

«ሐኪሙ አሁን ነው የሄደው፤ ሁለተኛ አልለየውም» አለች።

በእሷ ፊት «ይቅር ብዬሃለሁ» ብለው፣ «ምኑን?» ብላ ትጠይቀኛለች። ስለዚህ ትራሱን አስተካከልኩለት፤ ግንባሩንም በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁለት። እሱ አፌን አፌን እያየ አለፈ።