የተገለበጡ ኮቶች

የጋለ ካውያ እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚተነው ሽታ፣ ይኸው ከስንት ዘመን በኋላ ዛሬም ባፍንጫዬ አለ። እናታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። ዋና ሙያዋ ግን አሮጌ ኮት መገልበጥ ነው። ስፌቱን ሁሉ ትፈታና ፀሐይ የበላውን ፊት ወደ ውስጥ፣ ያልነጣውን ወደ ውጭ አዙራ ስትሰፋው ባለቤቱ እንኳ አይለየውም። ጎረቤታችን ባለ ሱቋ፣ «አንቺ ገልባጯ! እባክሽ ባሌንም አንድ ቀን ገልብጪልኝ» ትላት ነበር።

«የሱ ውስጡም ነጥቷል፣ እቴ» ትላለች እናቴ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

አባታችን ከሞተ ወዲህ ሦስታችንም በዚያች በእግር በምትዘወር የስፌት መኪና ገቢ እናድር ነበር። ታላቅ እህቴ የመምህራን ኮሌጅ ፈተና አለፈች። ያለ ክፍያ የሚማሩት ግን ቤታቸው ታይቶ «ችግረኛ» ተብለው የተመዘገቡት ብቻ ናቸው። ቤት እየዞረ የሚያየው መዝጋቢ እኛ ዘንድ የደረሰው ቅጽ በሚገባበት በመጨረሻው ቀን ነው፤ ቅጹን የሚቀበለው የኮሌጁ ቢሮ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ሌላው ሰው መዝጋቢ ሲመጣበት ዕቃውን ጎረቤት ያሸሻል። እናቴ ግን መጋረጃውን አጥባ ሰቀለች፤ ሁለታችንንም ኮታችንን አስለበሰችን፣ የራሷንም ለበሰች።

«እማዬ፣ ዛሬ እንኳ አሮጌ ብንለብስ ምናለበት?» አለች እህቴ።

«እሱም አሮጌ ነው። ልበሽ!»

መዝጋቢው ገብቶ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ከመጋረጃው ወደ ሬዲዮው፣ ከሬዲዮው ወደ እኛ አዞረ።

«እናንተማ ደልቷችኋል! ሦስት የሱፍ ኮት። ሬዲዮ። እሱን እንኳ ብትሸጡት...»

«ብሸጠው የአንድ ወር ዱቄት ነው። በሁለተኛው ወር ዱቄቱም የለ፣ ወሬውም የለ።»

ሰውዬው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እንግዲያው ችግረኛ ነን በሉኛ፣ እመቤቴ!»

እናቴ የኮቷን አንገትጌ አቃናች። ያቺን ቃል ግን አልጠራቻትም። «ሠርተን የምናድር ነን» አለች። እሱም ብዕሩን አንሥቶ «መካከለኛ» ወደሚለው ሣጥን ወሰደ። የእህቴ ዓይን እንባ አቀረረ።

ያን ጊዜ እናቴ የመዝጋቢውን ኮት ደረቱ ላይ ትክ ብላ አየችው።

«ወንድሜ፣ ይህን ኮት ማን ሰፋልዎ?»

«ምነው?»

«የደረት ኪሱ በቀኝ ነው። ኮት ሲገለበጥ ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። የእኛንም ይዩት።»

አየ። የሦስታችንም ኪስ በቀኝ ነበር። ሰውዬው ሳያስበው የራሱን ኪስ በመዳፉ ሸፈነ።

«ባለቤቴ ናት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኮቱ የአማቴ ነበር።»

«እጇ ይባረክ! አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እዚህ ቤት አዲስ ጨርቅ አልገባም። ራታችንም ሥራ የመጣ ቀን ነው። እኔ ስሙን አልጠራውም፤ እርስዎ ይጻፉት።»

«ቅጹ እኮ ኮት አላቸው ወይ ይላል እንጂ፣ ስንተኛ ፊቱ ነው አይልም» አለና ብዕሩን «ችግረኛ» ወደሚለው ሣጥን መልሶ ምልክት አደረገ፤ ከሥሩም ብዙ ጻፈ። ማኅተሙንም አሳረፈ።

እናቴ እፎይ ብላ፣ «ይኸ የኮትዎ ክርን ሊሳሳ ነው፣ ያውልቁት እስቲ» አለችው። ሁለቱም ስፌቱ ላይ አጎነበሱ። እህቴ ቀለሙ ያልደረቀውን ቅጽ ከጠረጴዛው መንትፋ፣ ደህና ዋሉም ሳትል፣ በሩንም ሳትዘጋ፣ ቢሮው ሳይዘጋ ለመድረስ እየሮጠች ወጣች።